21 አፍ፣ አንድ ሆድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሰባቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ መርከብ ናቸው፤ በ1958 ተሠርታ በ1975 በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባለው ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ከነ29 ሠራተኞቿ ስለሰጠመችው የጭነት መርከብ ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን እንደ እኛው ጽፈናል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ስንል እነሱ ሰባት የሚሉት ነው።

ጥያቄ፦ ዱሉዝ ሄደን ሐዲድ የተዘረጋባቸው ረጃጅም የማዕድን መጫኛ መድረኮችን ጎበኘን፤ ስለ ፊትዝጄራልድም እዚያው ሰማን። ሐይቅ ላይ ይህን የሚያህል መርከብ ምን ይሠራል? ቅርጿስ ለምን እንደ እርሳስ ቀጠነ? (ከሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ)

መልስ፦ «ሐይቅ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱፒሪየር 82,000 ይደርሳል፣ ጥልቀቱ ደግሞ እስከ 406 ሜትር። ነፋስ ይህን ሁሉ ሜዳ ይዞ ሲጋልብበት የሚያነሣው ማዕበል ከውቅያኖስ አይተናነስም። እንዲያውም የሐይቅ ሞገድ አጭርና ተከታታይ ስለሆነ ረጅም መርከብ ከአንዱ ሳይነሣ ሌላው ይደርስበታል።

ሥራዋ ብረት ነው። የሚኔሶታ የብረት ማዕድን በባቡር ወደ ሐይቁ ወደቦች፣ ወደ ዱሉዝ፣ ሱፒሪየር (በሐይቁ ስም የተጠራ ከተማ) እና ቱ ሃርበርስ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ዲትሮይትና ቶሊዶ የብረት ፋብሪካዎች ይጓዛል። መንገዱ ላይ ሎኮች አሉ፤ ውሃ እየሞሉና እየለቀቁ መርከብ የሚያነሡና የሚያወርዱ ባለ በር ክፍሎች። የመርከቧን ልክ የሰፋው ሎኩ ነው ማለት ይቻላል። በ1959 የተከፈተው የሴንት ሎረንስ የውሃ መንገድ እስከ 730 ጫማ ርዝመት ይፈቅድ ነበር፤ ፊትዝጄራልድ 729 ጫማ ሆነች፣ ማለትም 222 ሜትር። ወርዷ 23 ሜትር፣ ከታች እስከ ላይኛው ወለል ቁመቷ 12 ሜትር ነበር። ወንዞቹ ጥልቀት፣ ሎኮቹ ወርድ ስለማይሰጡ ለማደግ የቀራት ርዝመት ብቻ ነው።

የተሠራችው ሚቺጋን ውስጥ ሪቨር ሩዥ በሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ ነው፤ ወደ ውሃ የወረደችው ጁን 7 ቀን 1958። ያሠራት ኖርዝዌስተርን ሚዩቹዋል የተባለው የሕይወት መድን ኩባንያ ሲሆን ስሟም የኩባንያው ሊቀ መንበር ስም ነው። በሥራ ላይ የሚያሰማራት ግን ኦግልቤይ ኖርተን የተባለው ኩባንያ ነበር። መሪው ክፍል ፊት ጫፍ፣ ሞተሩ ኋላ ጫፍ፤ መካከሉ ሙሉ በሙሉ ጭነት። ባለ 7,500 ፈረስ ጉልበት የእንፋሎት ተርባይን ነበራት። ቦይለሮቿ እስከ 1971 ክረምት በድንጋይ ከሰል፣ ከዚያ ወዲህ በነዳጅ ዘይት ይነዱ ነበር። ሠራተኛው ማዕበል ሲኖር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው በላይኛው ወለል ሳይሆን፣ ከወለሉ ሥር በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት መተላለፊያ ዋሻዎች ነው።

ጥያቄ፦ እኛ 400 ኩንታል ጭነን ሸራ እስክናስር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይህቺ መርከብ በስንት ቀን ትጫናለች? ጭነቷስ አይንሸራተትም? (የተሳቢ ሹፌር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ። የመጨረሻው ጭነቷ 26,116 የእንግሊዝ ቶን ነበር፤ ወደ 265,000 ኩንታል፣ በእርስዎ ተሳቢ 663 ጉዞ መሆኑ ነው።

ፍጥነቱ የመጣው ከመድረኩ አሠራር ነው። ባቡሩ ከላይ ይመጣና ማዕድኑን በመድረኩ ሆድ ውስጥ በተደረደሩ ጎተራዎች ያራግፋል። መርከቧ ከሥር ትጠጋለች፤ ከየጎተራው አሸንዳ ወደ መርከቧ አፍ ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጭነቱ በራሱ ክብደት ይፈሳል። ጎተራዎቹ በ12 ጫማ፣ የመርከቧ 21 የጭነት አፎች ደግሞ በ24 ጫማ ልዩነት የተደረደሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ እየዘለሉ ይገጥማሉ። መርከቧን ትንሽ ፈቀቅ ሲያደርጓት የተዘለሉት ጎተራዎች ተራ ይደርሳቸዋል።

ጭነቱ ታኮናይት ይባላል። ብረቱ ሲሶ የማይሞላ ጠንካራ ድንጋይ ይፈጫል፤ ብረቱ በማግኔት ይለያል፤ ከቤንቶናይት ሸክላ ጋር ተድቦልቡሎ ብይ የሚያህል ይደረጋል፤ ከዚያ ከ1,200 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይጠበሳል። የሚወጣው እንክብል ሁለት ሦስተኛው ብረት ነው። እንደ ስንዴ በቀላሉ አይንሸራተትም፣ በየአፉ ሥር እንደ ክምር ይቆማል። ችግሩ ሌላ ነው፤ በጣም ከባድ ስለሆነ መርከቧ የሚፈቀድላትን ክብደት ስትጨርስ የጭነት ክፍሏ ገና ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ይህን ባዶ ቦታ ያስታውሱት፣ እንመለስበታለን።

ጫኙ የሚጠነቀቀው ለቅደም ተከተሉ ነው። መካከሉ ቀድሞ ከተጫነ መርከቧ እንደ ኮርቻ ወደ ታች ትጎብጣለች፤ ጫፎቹ ከቀደሙ ደግሞ መካከሏ ወደ ላይ ይነሣል። በሁለቱም ላሜራው ይጎዳል። ስለዚህ ምክትል ካፒቴኑ ፊትና ኋላ የጠለቀችበትን ልክ እያነበበ «ከዚህ አፍ ይህን ያህል፣ ከዚያ ያን ያህል» እያለ ያዛል፤ ባዶዋን ስትመጣ ሚዛን እንዲጠብቁ ውሃ የተሞሉት የባላስት ታንኮችም ውሃቸው እኩል እየተቀዳ ይወጣል። ፓምፑ ከጭነቱ ወደ ኋላ ከቀረ መርከቧ መድረኩ ሥር ካለው አፈር ጋር ትገናኛለች።

ማራገፉ 14 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ራሷን የምታራግፍበት መሣሪያ ስላልነበራት በወደቡ ማሽኖች ይዛቅላት ነበር። ደርሶ መልሱ አምስት ቀን፣ በዓመት በአማካይ 47 ጉዞ። እስከ መጨረሻዋ 748 ጊዜ ተመላልሳለች።

ጥያቄ፦ ክዳኑ በምን ይዘጋ ነበር? ውሃ ገባ ሲባል እንዴት ሊገባ ቻለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እያንዳንዱ አፍ 48 ጫማ በ11 ጫማ ነው፤ ወደ 14.6 በ3.4 ሜትር። ክዳኑ ስምንት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ላሜራ ሲሆን ከስድስት ቶን በላይ ይመዝናል። በሰው አይነሣም፤ ወለሉ ላይ በሐዲድ የሚሄድ ትንሽ ክሬን እየዞረ ያነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል። የሚያርፈው በአፉ ዙሪያ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የብረት ከንፈር ላይ ነው። በክዳኑና በከንፈሩ መካከል ጋርኒሲዮን አለ።

ከዚያ መቆንጠጫው ይመጣል። በአንድ ክዳን ዙሪያ 68 ናቸው፤ ለ21 ክዳን 1,428። እያንዳንዱ ማንሻ፣ የክዳኑን ጠርዝ የሚጫን ክንድና የጫናውን ልክ የሚወስን ቡለን አለው። ቡለኑ ሲላላ ማንሻው ቀጥ ብሎ የተዘጋ ይመስላል፣ ጋርኒሲዮኑ ግን አልተጫነም። ሲጠብቅ ደግሞ ማንሻው አልታጠፍ ብሎ ያስቸግራል፤ መርከበኛው የሚያደርገውን መገመት አያቅትም፣ ቡለኑን ያላላዋል። በዚህ ላይ በማራገፊያ ማሽን የተመታ ከንፈር ይጣመማል። መርከቧ ራሷ በማዕበል ስትተጣጠፍ የጠበቀው ይላላል። ጥሩ አየር ሲሆን ሁሉንም አለመቆንጠጥ በሐይቆቹ የተለመደ እንደነበር የኋላው ምርመራ ጠቅሷል። ኦክቶበር 31 ቀን 1975 በተደረገ ፍተሻ በአንዳንድ አፎቿ አካባቢ ስንጥቅ ተገኝቶ ለቀጣዩ ወቅት ከመድረሷ በፊት እንዲበየድ ቀጠሮ ተሰጥቶ ነበር።

ለእኛ ግን ከክዳኑ ይልቅ የሚያስጨንቀው ከሥሩ ያለው ነው። የጭነቱ ሆድ በስም ሦስት ክፍል ነው፤ የሚለዩት ሁለት ግድግዳዎች ግን ጭነት ለመከፋፈል እንጂ ውሃ ለማገድ አልተሠሩም። ከአንዱ አፍ የገባ ውሃ ከፊት እስከ ኋላ የመሄድ ነጻነት አለው። ሆዱ ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚናገር መሣሪያ አልነበረም፤ ባላስት ታንኮቹ ሲለኩ ይኸኛው አይለካም። ከላይ ቢያዩትም ውሃው በእንክብሎቹ መካከል ስለሚሰርግ ከክምሩ በላይ እስኪወጣ አይታይም። ከሆዱ ውሃ መቅዳት የሚቻለው በኋላ ጫፍ በኩል ብቻ ነው፤ መርከቧ ወደ ፊት ካዘነበለች ውሃው ከመምጠጫው ይሸሻል።

ጥያቄ፦ ከመጠን በላይ ተጭና ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በዕለቱ ሕግ፣ አልነበረም። ሕጉ ግን ተለውጦ ነበር። ከውሃው ገጽ እስከ ላይኛው ወለል የሚቀረውን ደረቅ ጎን እናስብ። ስትሠራ በክረምት ቢያንስ 4.5 ሜትር እንዲቀር ነበር የሚጠየቀው። በ1969፣ በ1971ና በ1973 ሦስት ጊዜ ተቀንሶ 3.5 ሜትር ደረሰ። የመርከቧን ርዝመትና ወርድ ይዘን ብናሰላ አንድ ሳንቲ ሜትር መጥለቅ ወደ 47 ቶን ጭነት ነው፤ አንድ ሜትር ማለት በየጉዞው ከ4,000 ቶን በላይ ተጨማሪ ማዕድን። ለባለ ጭነቱ ጥሩ ነው። ለ1,428ቱ መቆንጠጫ ግን ወለሉ አንድ ሜትር ወደ ማዕበሉ ቀረበ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ቀን እንዴት እንደነበር በሰዓት በሰዓት ብትነግሩን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እሑድ ኖቬምበር 9 ቀን 1975፣ በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡15 ከሱፒሪየር ወደብ ተነሣች። መድረሻዋ ዲትሮይት አጠገብ ያለችው ዙግ ደሴት ነበረች። ካፒቴኑ የ63 ዓመቱ ኤርነስት ማክሶርሊ ናቸው። ከቱ ሃርበርስ የተነሣችው አርተር ኤም. አንደርሰን የተባለች መርከብ፣ በካፒቴን ጄሲ ኩፐር እየተመራች፣ ከኋላ ተከተለቻት።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የአየር ትንበያው ከኃይለኛ ነፋስ ወደ ማዕበል ማስጠንቀቂያ ከፍ አለ። ሁለቱም ካፒቴኖች አጭሩን መንገድ ትተው በሰሜን፣ በካናዳ ዳርቻ በኩል ዞሩ፤ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለነበር መሬቱ ይከልላቸዋል። ውሳኔው ትክክል ነበር። ክፋቱ፣ የማዕበሉ እምብርት አልፎ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲዞር መርከቦቹ የዳርቻውን ከለላ ጨርሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፈው ነበር። ከካሪቡ ደሴት እስከ ኋይትፊሽ የባሕር ወሽመጥ ባለው የመጨረሻ መንገድ ሐይቁን ሙሉ ያቋረጠ ሞገድ ከኋላ እያሳደደ ይመታቸዋል።

ሰኞ ከቀኑ 9፡30 ገደማ ማክሶርሊ አንደርሰንን በሬዲዮ ጠሩ። የወለሉ የገመድ አጥር ወድቋል፣ ሁለት የአየር መተንፈሻ ቧንቧዎች ተነቅለዋል ወይም ተጎድተዋል፣ መርከቧም ወደ ጎን አዘንብላለች። ፓምፕ ይሠራል ወይ ሲባሉ «ሁለቱም» አሉ። አንደርሰን እንድትደርስባቸውም ፍጥነት እንደሚቀንሱ ተናገሩ። 10፡10 ላይ ሁለቱም ራዳሮቻቸው መጥፋታቸውን ገለጹ። ከዚያ በኋላ በበረዶው ውስጥ ዓይናቸው አንደርሰን ሆነች። የኋይትፊሽ መብራትና የሬዲዮ ምልክትም ማዕበሉ ኤሌክትሪኩን ስለቆረጠው አይሠሩም ነበር። አቫፎርስ ለተባለችው የስዊድን መርከብ ማክሶርሊ የነገሩት፣ በሕይወታቸው ካዩት የከፋ ማዕበል አንዱ መሆኑን ነው።

ከምሽቱ 12፡55 አንደርሰንን ከኋላ ግዙፍ ሞገዶች መቷት፤ ኩፐር ቁመታቸውን ከ10 ሜትር በላይ ገምተውታል። ሞገዶቹ ወደ ፊት፣ ወደ ፊትዝጄራልድ አለፉ። 1፡10 ላይ የአንደርሰን መኮንን ችግራችሁ እንዴት ሆነ ሲል ጠየቀ። መልሱ «እየተቋቋምነው ነው» የሚል ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በረዶው ሲገለጥ በዓይንም በራዳርም የለችም።

ጥያቄ፦ ምርመራዎቹ ለምን አልተስማሙም? እናንተስ የትኛውን ትቀበላላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስብርባሪዋ የተገኘው ከአራት ቀን በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን በያዘው ማግኔት ለኪ መሣሪያ ነው፤ ወደ ወሽመጡ 27 ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ 160 ሜትር ጥልቀት ላይ። በሜይ 1976 ከላይ በገመድ የሚመራ ባለ ካሜራ መሣሪያ ወረደ። የፊቱ ክፍል 84 ሜትር ያህል፣ ቀጥ ብሎ ጭቃ ውስጥ ተተክሏል። የኋላው 77 ሜትር ተገልብጦ ተኝቷል። መካከሉ ተፈረካክሶ እንክብሉ ተበትኗል።

በ1977 የወጣው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሪፖርት ውሃው በደንብ ባልተዘጉ ክዳኖች ሥር ቀስ በቀስ ገባ ይላል። ማስረጃው፣ የታዩት መቆንጠጫዎች አብዛኞቹ አለመሰበራቸው ነው። ተቆንጥጠው ቢሆን ክዳኑ ሲነቀል አብረው ይጣመሙ ነበር። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1978፣ ውሃው ደረቅ ጎኗን እየበላ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ክዳን በሞገድ ክብደት ተደረመሰ አለ። ከቦርዱ አንድ አባል ግን አልተስማማም፤ ከመርከብ ባለቤቶች ማኅበር ጋር ሆኖ ካሪቡ ደሴት አጠገብ ካለው ድንጋያማ ደለል (ውሃው ጥልቀት ከሌለው ስፍራ) ጋር ተጋጭታለች አለ። ይህም በባዶ ሜዳ የተነሣ ሐሳብ አይደለም፤ በ1976 ካናዳ ስትለካ ደለሉ ካርታው ላይ ካለው አንድ ማይል ያህል ወደ ምሥራቅ ይዘልቅ ነበር። ኩፐርም ፊትዝጄራልድ እሳቸው ከሚደፍሩት በላይ ተጠግታ ማለፏን ተናግረዋል። የሚቃወመው ማስረጃ ተገልብጦ የተኛው የኋላ ክፍል ነው፤ የታችኛው ገጹ ለካሜራ ተጋልጦ ሳለ የመላጥ ምልክት አልታየበትም፣ መሪውና ፕሮፔለሩም ደህና ናቸው። የቀረው የታችኛው ገጿ ግን ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ አልተዘጋም።

የእኛ ንባብ የሚጀምረው ከ9፡30ው ሬዲዮ ነው። ዋናዎቹ ፓምፖቿ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 7,000 ጋሎን ይተፉ ነበር፤ ሁለቱ አብረው በደቂቃ 53 ቶን ውሃ። ከሁለት የተነቀሉ መተንፈሻዎች የሚገባ ውሃ በዚህ ፊት ብዙ አይደለም። ግን ማዘንበሏ አልተስተካከለም፣ እንዲያውም ባሰ። ስለዚህ ሁለት ውሃ ነበር ብለን እናስባለን። አንደኛው ካፒቴኑ ያወቁት፣ በጎን ታንክ ወይም በመተላለፊያው ዋሻ የገባውና ያዘነበላት። ሁለተኛው ማንም ያልለካው፣ በዚያ ግማሽ ባዶ ሆድ በእንክብሎቹ መካከል እየሰረገ ወደ ፊት የሚሄደው። «እየተቋቋምነው ነው» ያሉት የሚያዩትን ውሃ ነው። የፊቱ ወለል ዝቅ ካለ በኋላ ከኋላ የመጣ ግዙፍ ሞገድ አፍንጫዋን ቢያጠልቀው የምትመለስበት ተንሳፋፊነት አልቀራትም። ደለሉም ሆነ ክዳኑ ቀዳዳውን ቢከፍት፣ ሆዱ ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ ቢከፈል ኖሮ ጊዜ ይገኝ ነበር።

ጥያቄ፦ የእርዳታ ጥሪ ለምን አልተሰማም? አስከሬናቸውስ? ደወሉ ወጣ የሚባለው እውነት ነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ጥሪ ያልተሰማው ጊዜ ስላልነበረ ነው። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የተገኙት ባዶና የተቀጠቀጡ ሆነው ነው። አንደርሰን ያመለጠችውን ማዕበል ተመልሳ ገብታ ፈልጋለች፤ ዊልያም ክሌይ ፎርድ የተባለችውም መርከብ ከመጠለያዋ ወጥታ አግዛለች። ያን ማታ መልህቅ ጥሎ መቀመጥ ይቻል ነበር፣ የወጡት በፈቃዳቸው ነው።

አስከሬን ከውሃ የሚነሣው ሲበሰብስ ጋዝ ስለሚሞላ ነው። በሱፒሪየር ሐይቅ ግርጌ ያለው ውሃ አራት ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ይህ አይሆንም፤ ከ29ኙ የአንዱም አስከሬን አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ለሐይቅ መርከበኞች ከቅዝቃዜ የሚከላከል የመንሳፈፊያ ልብስ፣ ለመርከቦቹም የጥልቀት መለኪያና መርከብ ሲሰጥም በራሱ ምልክት የሚልክ ሬዲዮ ግዴታ ሆኗል። የባሕር ጠረፍ ጥበቃውም በየዓመቱ ከኖቬምበር በፊት ክዳንና መቆንጠጫ እየዞረ ይፈትሻል።

ደወሉ እውነት ነው። ጁላይ 4 ቀን 1995 ወጥቶ ኋይትፊሽ ፖይንት ባለው ሙዚየም ይገኛል፤ በቦታው የ29ኙ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል ወርዷል።